በሚዲያ ፕሮዳክሽን ሥራ ትዕዛዙ ይቀድማል፣ ውሉ ይዘገያል
(ሐተታ)

ከፒያሳ ተነስቶ በአራት ኪሎ በኩል ወደ አምስት ኪሎ የሚያመራው የአዲስ አበባ ነባር መንገድ የአገሪቱ የሕትመት፣ የፎቶግራፍ፣ የቴአትርና የሙዚቃ ሥራ ካደገባቸው አካባቢዎች ዋነኛው ነው። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት አራት ኪሎ ይገኛል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ቴአትር መቀመጫውን ያደረገው በፒያሳ ነው። አምስት ኪሎ ደግሞ የብሔራዊ ሙዚየምና ቀድሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው የትምህርት ተቋም መገኛ ነው።

በዚህ አካባቢም ሆነ በሌሎች የከተማዋ ክፍሎች የሚሠሩ የቪዲዮ፣ የፎቶግራፍና የማስታወቂያ ድርጅቶች አብዛኞቹ አነስተኛ ናቸው። ካሜራ፣ ኮምፒውተርና ጥቂት ባለሙያዎችን ይዘው ከሠርግ ቀረጻ እስከ መሥሪያ ቤት ዘጋቢ ፊልም ድረስ ትዕዛዝ ይቀበላሉ። በብዙዎቹ ዘንድ የሚታየው የጋራ ችግር ሥራው ከውሉ ቀድሞ መጀመሩ ነው። ደንበኛው የሚፈልገውን በስልክ ወይም በአጭር የቴሌግራም መልዕክት ይገልጻል፤ ቅድመ ክፍያ ይሰጣል፤ ቀረጻው ይካሄዳል። አለመግባባት ሲነሳ ግን "የተስማማነው ምን ነበር?" የሚለው ጥያቄ የጽሑፍ መልስ ያጣል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1719 ሕጉ ለይቶ የተለየ አጻጻፍ ካላዘዘ በስተቀር ተዋዋዮች ውላቸውን በፈለጉት መንገድ ሊያደርጉ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ስለዚህ የቃል ትዕዛዝ በቃል በመሆኑ ብቻ ውል አይደለም ሊባል አይችልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205ም ለኤሌክትሮኒክ መልዕክቶች ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። ዋናው ችግር ተዋዋዮቹ ዝም ባሉበት ጉዳይ ላይ ሕጉ የራሱን መልስ የሚሰጥ መሆኑና ይህም መልስ ብዙውን ጊዜ አንደኛው ወገን ካሰበው የተለየ መሆኑ ነው።

አራት የትዕዛዝ ዓይነቶች

በሚዲያ ፕሮዳክሽን ሥራ ውስጥ የደንበኛ ትዕዛዞች በጥቅሉ በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው የግለሰቦች ትዕዛዝ ነው። ሠርግ፣ ልደት፣ ምረቃና ተዝካር በዚህ ሥር ይመደባሉ። እዚህ ላይ ደንበኛው የሚያቀርበው መግለጫ እጅግ አጭር ሲሆን፣ ውሉም ከቅድመ ክፍያ ደረሰኝ የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው።

ሁለተኛው የንግድ ማስታወቂያ ትዕዛዝ ነው። በባለሙያዎቹ አጠራር "ብሪፍ" የሚባለው ሰነድ በስፋት የሚሠራበት በዚህ ዘርፍ ነው። ብሪፉ የምርቱን ማንነት፣ የታለመለትን ሸማች፣ የሚተላለፈውን መልዕክት፣ የማስታወቂያውን ርዝመትና የሚሰራጭበትን መገናኛ ብዙኃን ይዘረዝራል። ሆኖም ብሪፍ የደንበኛውን ፍላጎት የሚገልጽ ሰነድ እንጂ በራሱ የሁለቱን ወገኖች ግዴታ የሚደነግግ ውል አይደለም። በውሉ ውስጥ የውሉ አካል ተደርጎ ካልተጠቀሰ ለክርክር በር ይከፍታል።

ሦስተኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች ትዕዛዝ ነው። ይህ የሚመጣው በቢጋርና በጨረታ ሰነድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1724 መሠረት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። ግዥውም ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 649/2001፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በተተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ይመራል። በመሆኑም በዚህ ዘርፍ የወረቀት እጥረት የለም። ይሁንና የብዙዎቹ ቢጋሮች ትኩረት የፊልሙ የደቂቃ ርዝመት፣ የቅጂው ብዛትና የማስረከቢያው ቀን ላይ ነው። ጥሬ ምስሉ የማን እንደሚሆን፣ ፊልሙ ተቆራርጦ ለሌላ ዓላማ ይውል እንደሆነ የሚገልጽ ሐረግ አዘውትሮ አይገኝባቸውም።

አራተኛው አዘጋጁ በራሱ ተነሳሽነት የሚሠራው ሲሆን፣ የአየር ሰዓት ከጣቢያ ተከራይቶ ወጪውን በስፖንሰር የሚሸፍንበት ነው። በዚህ ጊዜ አንዱ አዘጋጅ ከጣቢያው፣ ከስፖንሰሩና ከባለሙያዎቹ ጋር ሦስት የተለያዩ ውሎችን ይገባል። አንደኛው ሲናጋ ሌሎቹም መናጋታቸው አይቀሬ ነው።

ሕጉ ሥራው የማን ነው ይላል?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 2610 ጀምሮ ተቋራጩ በራሱ ኃላፊነት አንድን የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፣ ደንበኛውም ዋጋውን ለመክፈል የሚገቡትን ውል ይደነግጋል። የፕሮዳክሽን ትዕዛዝ በባህሪው ለዚህ የቀረበ ነው። ሆኖም ውጤቱ እንደ ጠረጴዛ ወይም እንደ ልብስ በእጅ ተላልፎ የሚያበቃ አይደለም፤ ይባዛል፣ ይሰራጫል፣ ይሻሻላል። ስለዚህ ከዋጋው ባሻገር የአእምሯዊ ንብረት ጥያቄን ያስነሳል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 21 ላይ በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህ ማለት በቃል ትዕዛዝ ለአንድ ኩባንያ ዓርማ የሠራ ወጣት ባለሙያ ስለ መብቱ ምንም ካልተስማማ ኢኮኖሚያዊ መብቱ የኩባንያው ሆኗል ማለት ነው። የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅ የሞራል መብቱ ግን ከእርሱ ጋር ይቀራል።

በሌሎች አገሮች ሕጉ የሚሰጠው መልስ ከዚህ የተለየ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው የቅጂ መብት ሕግ መሠረት በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ለአዛዡ የሚሆነው ሕጉ ከዘረዘራቸው የሥራ ዓይነቶች አንዱ ሲሆንና በጽሑፍ ስምምነት ሲደገፍ ነው። በብሪታንያም በ1988 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሕግ ወዲህ ተቀጣሪ ያልሆነ ሠሪ የመብቱ የመጀመሪያ ባለቤት ነው። በእነዚህ አገሮች ዝምታ ባመዛኙ ሠሪውን ሲጠቅም በኢትዮጵያ አዛዡን ይጠቅማል። ከውጭ አገር የተቀዳ የውል ቅጽ ሳይመረመር መጠቀም አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳዩን ይበልጥ የሚያወሳስበው የፊልምና የቪዲዮ ሥራ ነው። ይኸው አዋጅ የኦዲዮቪዡዋል ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት፣ በውል በሌላ ሁኔታ ካልተወሰነ፣ የፕሮዲዩሰሩ እንደሆነ ይገልጻል። የስክሪፕት ጸሐፊው፣ የሙዚቃ ደራሲውና ሌሎችም አስተዋጽዖአቸው ከፊልሙ ተነጥሎ ጥቅም ላይ ሊውል በሚችልበት መጠን መብታቸውን እንደያዙ ይቆያሉ። ታዲያ ፕሮዲዩሰሩ ማን ነው? ሐሳቡን ያመነጨውና ገንዘቡን የከፈለው መሥሪያ ቤት ወይስ ቀረጻውንና ቅንብሩን በኃላፊነት የመራው ድርጅት? ሁለቱም ወገኖች ለመከራከር በቂ ምክንያት አላቸው። ይህን ክርክር አስቀድሞ ሊዘጋው የሚችለው በውሉ ላይ የሚሰፍር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

የዚህ ጥያቄ ክብደት ከዓመታት በኋላ እንደሚታይ የሙዚቃው ታሪክ ያስረዳል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር በነበረበት ወቅት፣ በ1961 ዓ.ም. አካባቢ አምሃ እሸቴ በራሱ ወጪና ኃላፊነት አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ ሸክላዎችን ማሳተም ጀመረ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ በፈረንሳይ "ኢትዮጲክስ" በሚል ስያሜ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስቦች በተከታታይ ሲወጡ፣ የቀድሞዎቹን ቅጂዎች እንደገና ለማሳተም ስምምነት የተደረገው ከአምሃ ጋር ነበር። ሥራውን በኃላፊነት ያሠራው ወገን ማንነት ተለይቶ በመታወቁ መብቱን ከማን መጠየቅ እንደሚገባ አላጠያየቀም።

ከፎቶግራፉ ጀርባ ያለው ማኅተም

ፒያሳ በፎቶ ቤቶቿ ስትታወቅ ኖራለች። የፎቶግራፍ ሙያ በከተማዋ ሥር እንዲሰድ ካደረጉት መካከል የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ ይጠቀሳሉ። ነባር ፎቶ ቤቶች ባጠቡት ፎቶግራፍ ጀርባ ስማቸውንና አድራሻቸውን የያዘ ማኅተም ማሳረፍ ልማዳቸው ነበር። ብዙዎች ይህን እንደ ማስታወቂያ ብቻ ያዩታል።

ይሁን እንጂ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ምልክት አለዚያም ስምና አድራሻ ሲይዝ እንደሆነ ይደነግጋል። የአሮጌው ማኅተም ልማድ ሕጋዊ ትርጉም ነበረው ማለት ነው። ዛሬ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም የሚላከው ዲጂታል ፎቶግራፍ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። በሕጉ የፎቶግራፍ ጥበቃ ዘመን 25 ዓመት ቢሆንም፣ ያለ ምልክት የወጣ ፎቶግራፍ አንሺ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለመከራከር ይቸገራል።

በፎቶግራፉ ውስጥ የሚታየው ሰውም መብት አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥን ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ ለሕዝባዊ ክንውኖችና ለመሳሰሉት ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። በመሆኑም ፎቶ ቤት የሙሽራዋን ፎቶግራፍ በመስኮቱ ወይም በማኅበራዊ ገጹ ለማስታወቂያ ለመጠቀም ከፈለገ ፈቃዷን መጠየቅ ይኖርበታል። የፈቃድ ጉዳይ የቀረጻ ቦታንም ይመለከታል። ሉሲ ወይም ድንቅነሽ በምትገኝበት በአምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየም ለሥራ የሚደረግ ቀረጻ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱን የሚያወጣው ደንበኛው ነው ወይስ አዘጋጁ? ፈቃዱ ቢዘገይ የባከነው የቀረጻ ቀን በማን ሒሳብ ይያዛል? እነዚህ በውሉ ሊመለሱ የሚገባቸው ናቸው።

ሕግ ሲለወጥ፣ ይዘት ሲያከራክር

ሌላው ትኩረት የሚሻው ነጥብ ከተዋዋዮቹ ቁጥጥር ውጪ የሚመጣ ለውጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጦች በብሮድካስት መገናኛ ብዙኃን እንዳይተዋወቁ ከልክሏል። ቢራ ፋብሪካዎች ከዋነኞቹ የስፖርትና የመዝናኛ ፕሮግራሞች ስፖንሰሮች መካከል ስለነበሩ ክልከላው በጣቢያዎችና በገለልተኛ አዘጋጆች ገቢ ላይ ቀጥተኛ ጫና አሳድሯል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1792 እና 1793 ስለ ከአቅም በላይ ኃይል ሲደነግግ፣ ውሉን ለመፈጸም የሚያግድ የመንግሥት ክልከላን ከምሳሌዎቹ አንዱ አድርጎ ይጠቅሳል። ይህ ያልፈጸመውን ወገን ከኃላፊነት ሊያድነው ይችላል። ነገር ግን ተቀርጾና ተቀናብሮ ተጠናቅቆ ሳይተላለፍ ለቀረ ማስታወቂያ የወጣው ወጪ እንዴት እንደሚከፈል በዝርዝር የሚመልሰው ውሉ ነው። ክፍያቸው ከስርጭቱ ጋር ብቻ የተያያዘ አዘጋጆች ለጉዳት ይበልጥ የተጋለጡ ሲሆኑ፣ ክፍያቸውን ለስክሪፕት፣ ለቀረጻና ለርክክብ ከፋፍለው የተዋዋሉ በአንጻሩ የተሻለ ዋስትና አላቸው።

ውል የይዘት ኃላፊነትንም ሊያከራክር እንደሚችል በ2004 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ለጋዜጣ አሳታሚዎች ያቀረበው መደበኛ የሕትመት ውል፣ ማተሚያ ቤቱ ሕግን ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ አላትምም ለማለት የሚያስችለውን ድንጋጌ በመያዙ ከአሳታሚዎች ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። አታሚው ለሚያትመው ነገር ሊጠየቅ እንደሚችል ሲሰጋ፣ አሳታሚዎቹ ደግሞ ድንጋጌውን ከቅድመ ምርመራ ለይተው አላዩትም። ክስተቱ እንደሚያሳየው ለይዘቱ ተጠያቂው ማን እንደሆነ የሚወስን አንቀጽ እንደ ተራ የቅጽ ጉዳይ ሊታለፍ አይገባም።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተዘረዘሩት ሁኔታዎች መረዳት እንደሚቻለው ለአነስተኛ ሥራ ረጅምና ውስብስብ ውል አያስፈልግም። ለሠርግ ቀረጻ የቀረጻ ሰዓት፣ የርክክብ ቀን፣ ዋጋው የተጨማሪ እሴት ታክስን የሚጨምር መሆን አለመሆኑ፣ ጥሬ ምስሉ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥና ለማስታወቂያ መዋል አለመዋሉን የያዘ አንድ ገጽ ይበቃል። ለማስታወቂያና ለዘጋቢ ፊልም ግን ከዚህ በተጨማሪ ፕሮዲዩሰሩ ማን እንደሆነ፣ መብቱ እስከምን ድረስና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚተላለፍ፣ ደንበኛው ስንት ጊዜ ማስተካከያ የመጠየቅ መብት እንዳለውና ከዚያ በላይ ለሚጠየቅ ለውጥ የሚከፈለው ዋጋ በግልጽ ሊሰፍር ይገባል። በጽሑፍ የተደረገውም ውል በአንቀጽ 1727 መሠረት የተዋዋዮችን ፊርማና የሁለት ምስክሮችን ማረጋገጫ እንዲይዝ ማድረግ ይገባል።

ኃላፊነቱ የአዘጋጆች ብቻ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የግዥ ክፍሎች በቢጋራቸው ላይ የጥሬ ምስልና የባለቤትነት አንቀጽ ቢያካትቱ በሕዝብ ገንዘብ የተቀረጸ ምስል ከርክክብ በኋላ እንዳይጠፋ ያደርጋሉ። የጥበብ፣ የፊልምና የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶችም የካሜራና የቅንብር ክህሎት ከሚያስተምሩባቸው ሰዓቶች ጥቂቱን ለውል ዕውቀት ቢመድቡ ተመራቂዎቻቸው የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ሲቀበሉ የሚፈርሙትን ወይም ሳይፈርሙ የሚተዉትን ነገር ያውቃሉ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳና በአራት ኪሎ በተካሄደው የኮሪደር ልማት የአካባቢው ገጽታ በእጅጉ ተለውጧል፤ በርካታ ነባር የንግድ ቤቶችም ስፍራቸውን ለቀዋል። ቤት ሲዛወር ደንበኛውንና አዘጋጁን ያገናኝ የነበረው የጉርብትና መተማመን አብሮ ይላላል። ቀድሞ በመተዋወቅ ይሸፈን የነበረው ክፍተት ከእንግዲህ በጽሑፍ ካልተሸፈነ፣ አለመግባባት ሲነሳ መልሱን የሚሰጠው አስቀድሞ በአዋጅ የተቀመጠው ድንጋጌ ይሆናል።