የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ከአልበም ወደ አደባባይ

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያው ማጂ ሲነሳ ተራራውና በቅሎው አብረው ይነሳሉ። የብሪታንያው ቆንስል አርኖልድ ሆድሰን በዚያ ያሳለፈውን ጊዜ በ1929 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ የጀርመኑ የፍሮቤኒየስ ተቋም ተመራማሪዎች በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ፎቶ አንስተዋል፤ ክምችቱ ፍራንክፈርት ቢሆንም ዛሬ በኢንተርኔት ይታያል።

የሚያስቆጨው የአገሬው የራሱ ፎቶ ገና ሣጥን ውስጥ መሆኑ ነው።

ይህ እትም የመጓጓዣና የመንገድ ትዝታን ይዞ የመጣው ለዚሁ ነው። በቅሎና ዳኮታ አውሮፕላን፣ ከቴፒና ከሚዛን ተፈሪ ቡና የሚያወጣ የጭነት መኪና፣ የባሮ ወንዝ በክረምት ሲሞላ ከሱዳን ጋምቤላ ይደርስ የነበረው የእንፋሎት መርከብ፤ ሁሉም የአንድ አካባቢ ታሪክ ናቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የነዋሪዎችን የቤተሰብ ፎቶ ሰብስቦ በኢንተርኔት አጋርቷል፤ በመጽሐፍም አሳትሟል። የቡናው አገር ከዚህ ያነሰ አይገባውም።

ፎቶ ያለ መግለጫ ግማሽ ነው። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ቀን ወይም የፎቶ ቤቱ ማኅተም ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ይበልጥ ይናገራል። ስለዚህ ሁለቱም ገጽ በስካነር በ600 ዲፒአይ ይቀዳ፤ ከፍሬም መስታወት ጋር የተጣበቀው ግን አይገንጠል፣ እንዳለ ይነሳ። በፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ወይም ቤተሰቦቻቸው ከመለጠፉ በፊት ይጠየቁ።

አንባቢያን ሆይ፣ ቦታውንና ዘመኑን የሚያውቁት አዛውንት በሕይወት ሳሉ አልበሙን ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ የሚሉትንም ጻፉት።