ጉዞ በደካማው እርምጃ ይለካል



ትምህርት ቤት ሲዘጋ «ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው?» የማይል ወላጅ የለም። በዚህ ወር ዓምዳችን እኔና ቤተሰቤ ባለፈው በጋ ስላደረግነው የአንድ ቀን የእግር ጉዞ አወጋችኋለሁ። ውበቱን ብቻ ሳይሆን የሠራሁትንም ስሕተት አልደብቅም፤ ሌላው ወላጅ እንዳይደግመው።

የሄድነው በአምቦና በወሊሶ መካከል ወደሚገኘው ወንጪ ነው። ወንጪ የእሳተ ገሞራ ተራራ ሲሆን ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,380 ሜትር ይደርሳል። በጥንት ዘመን በሆዱ የነበረው የቀለጠ ዐለት ፈንድቶ ሲወጣ፣ ከሥሩ ድጋፍ ያጣው አናት ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ዛሬ ሐይቁ የተኛው በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ በዙሪያው የቀረው ጠርዝ ደግሞ ሰው በእግሩ የሚጓዝበት ሸንተረር ሆኗል። በአንድ ወገን ቁልቁል ሐይቁና ደሴቶቹ፣ በሌላው ወገን የእንሰትና የገብስ ማሳ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ የመረጣት ያለ ነገር አይደለም።

ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ስንነሣ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጄና የአክስቱ ልጅ ገና ከጅምሩ ጥለውን ገሠገሡ። እኔ፣ ባለቤቴና የዘጠኝ ዓመቷ ታናሽ ልጃችን በዝግታ ተከተልን። አስጎብኚያችን የአካባቢው ወጣት ነው፤ «ጋሼ፣ አብረን ብንሄድ ይሻላል» አለኝ። እኔ ግን «ተዋቸው፣ ወጣቶች ናቸው» አልኩት። እውነቱን ለመናገር የልጄ ጉልበት አኩርቶኝ ነበር።

ወደ ቀትር ሲቃረብ ከሐይቁ በኩል ጉም ተነሣና በደቂቃዎች ውስጥ ሸንተረሩን ዋጠው። መንገዱ ሁለት ወደሚሆንበት ቦታ ስንደርስ ልጆቹ የሉም። አንዱ መንገድ ጠርዙን ይዞ ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ተጣራን፤ መልስ የለም። ስልክ ሞከርን፤ አይሠራም። አስጎብኚው «እናንተ ከዚህ አትነቃነቁ፤ እኔ ልፈልጋቸው» ብሎ ሄደ። ታናሿ ልጄ እጄን ይዛ «አባዬ፣ ይመጣሉ አይደል?» ስትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ያ አንድ ሰዓት ለእኔ አንድ ቀን ነበር።

አልሐምዱ ሊላህ፣ ተገኙ። ቁልቁለቱን በሩጫ ሲወርዱ ጠጠሩ ከእግሩ ሥር ከድቶት ልጄ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ተቀምጧል። በፈረስ አውጥተን ጉዟችንን ሳንጨርስ ተመለስን። ልቆጣው አፌን ስከፍት ቀስ ብሎ «አባዬ፣ ጠብቁን ብትለን ኖሮ እንቆም ነበር» አለኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ነበረ፤ ቁም ያላለው አባቱ ነው።

እንግዲህ ወላጆችና ወጣቶች፣ ከዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ከፊት የሚሄደው ደካማው ይሁን፤ ብርቱው ከኋላ ይከተል። መንገድ በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ የመጨረሻው ሰው እስኪደርስ ይቆማል።

ሰዓታችሁን አስቀድማችሁ አስሉ። ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ያገለግላል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር አቀበት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት። 10 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 600 ሜትር የሚወጣ ሰው 3 ሰዓት ይፈጅበታል ማለት ነው። ይህ ግን ለብርቱና ዕረፍት ለማያደርግ ሰው ነው፤ ልጆችና አረጋውያን ካሉ 5 ሰዓት ያዙለት። የዙህር ሶላትንና የምሳን ጊዜም ጨምሩበት።

የእሳተ ገሞራ ጠጠር ቀላልና ባለ ቀዳዳ ስለሆነ እንደ ኳስ ይንከባለላል። ስለዚህ ከአቀበቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ይፈራል፤ ጥርስ ያለው ጫማ አድርጋችሁ በአጭር እርምጃ ውረዱ።

በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል፤ ቅዝቃዜውም በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዘው ሰው ካለ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ፀሐይ ቢያሞኛችሁም ሹራብና የዝናብ ልብስ አይቅር። ነጎድጓድ ከተሰማ ሸንተረሩን ወዲያው ልቀቁ።

በመጨረሻም የመመለሻ ሰዓታችሁን ገና ቤት ሳላችሁ ወስኑ። ሰዓቱ ከደረሰ ጫፉ ቅርብ ቢመስልም ተመለሱ፤ ተራራው የትም አይሄድም።

የልጄ እግር ድኗል። ኢንሻ አላህ በመጪው በጋ እንመለሳለን። ከፊት የምትመራን ታናሿ ናት፤ ይህን የወሰነውም እርሱ ራሱ ነው።