ከፍለን የምናስጥለው የገዛ ገንዘባችንን ነው

የተከበራችሁ የሠፈራችን ነዋሪዎች፣ በተለይም ባለሆቴሎች፣ ባለሻይ ቤቶችና ባለሱቆች፤

ሰሞኑን በስብሰባም በቡና ላይም የሚሰማው እሮሮ አንድ ነው፤ «የቆሻሻ ማስነሻ በዛብን!» እውነት ነው፣ ይከብዳል። ግን እስቲ ከፍለን የምናስነሳው ምኑን ነው?

በቀደም ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ የቆመ ማዳበሪያ ተፈትቶ አየሁ። ካርቶን፣ ሃይላንድ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የድልህ ጣሳ፣ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ። ታዲያ ከዚህ ውስጥ ቆሻሻው የቱ ነው? ጣሳውንና ጀሪካኑን ቁራሌው ገንዘብ ከፍሎ ይወስደዋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ስንቱ ሰው ከአሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ ምድጃ እየሠራ ልጅ ያሳድጋል! ልጣጩ ለከብት፣ አተላው ለጓሮ አፈር ነው። የለስላሳ ጠርሙስ ሲጣል ግን አይታችኋል? አይጣልም፤ መያዣ ተከፍሎበታላ! እንግዲህ መለየቱን እናውቅበታለን ማለት ነው።

«ክፍያው ካልቀነሰ ሌሊት ገደል እንከተዋለን» የሚሉም አልጠፉም። ኧረ ተው! ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጠርጎ አርዲቦ ይጨምረዋል፤ የአርዲቦ ትርፍ ውኃ መንገዱ ደግሞ ቁልቁል ወደ ሐይቅ ነው። አንድ ቦታ መከመሩም መፍትሔ አይሆንም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ፈጅቷል።

ደግሞስ አዲስ ነገር መቼ ተጠየቅን? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 መልሶ የሚያገለግለው ተለይቶ እንዲቀመጥ አዝዞ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ደግሞ ፌስታልን ከለከለ።

ማኅበራችንም ከወቀሳ አያመልጥም። የለየውም ያልለየውም በወር እኩል ቁርጥ ከከፈለ ማን ይለፋል? ክፍያው በማዳበሪያ ቁጥር ይሁን፤ ሦስት የሚያወጣ የሦስት፣ አንድ የሚያወጣ የአንድ ይክፈል። ባለጋሪውም እኛ የለየነውን መልሶ አይቀላቅልብን።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ በየጓሮው ሦስት ማዳበሪያ ይቁም፤ አንዱ ለሚሸጥ፣ አንዱ ለሚበሰብስ፣ አንዱ ለሚጣል። ሦስተኛው ሳይሞላ ሲሰነብት፣ ያኔ ለክፍያው መቀነስ አፋችንን ሞልተን እንከራከራለን። ይህን ሳያደርጉ «በዛብን» ማለት ግን የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ነው።