በሽታው ማን ይባላል?

የአገራችን ሰው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል። ተረቱ የሚወቅሰው በሽተኛውን ነው። ነገር ግን ዛሬ በኢሉባቦር ገጠር የሚኖረው ገበሬ በሽታውን መች ደበቀ? ቡናውን ሸጦ፣ ጭቃውን ረግጦ፣ ወረፋ ይዞ «አመመኝ» እያለ ቀርቧል። የተደበቀው በሽታው ራሱ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ለታመመ ሰው መድኃኒት ከመስጠት አስቀድሞ የያዘው በሽታ ማን እንደሚባል በእርግጥ ይታወቃልን? የሚል ነው።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ የአርትስ ተማሪ ምን ጥልቅ አደረገው?» ሊለን ይችላል። እኛ ግን ያገባናል እንላለን። በመጀመሪያ፣ የምንታመመው እኛም፣ እናት አባቶቻችንም ነን። ደግሞም ስምና ነገር ሲለያዩ ምን ጥፋት እንደሚከተል መመርመር የእኛ የትምህርት ክፍል ድርሻ ነው። «ዝሆኔ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። እግሩ ያበጠ ሰው ሁሉ በዚህ አንድ ስም ይጠራል። ሆኖም በጋምቤላ ቆላ በትንኝ የሚተላለፍ ትል እግር ያሳብጣል፤ በምዕራብ ኦሮሚያ ደጋና ወይና ደጋ ደግሞ በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ሲረግጥ የኖረ ሰው ያለ ምንም ትልና ያለ ምንም ተላላፊ ተሐዋስ እግሩ ያብጣል። ይህንን የአፈሩን ነገር እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በአገራችን ባደረገው ጥናት አስረድቷል። የመጀመሪያው መድኃኒት ይሻል፤ ሁለተኛው ጫማ፣ ውኃና ሳሙና። ስሙ አንድ በመሆኑ ግን ሁለተኛው ሰው «ይጋባል» ተብሎ ከጎረቤት ይገለላል፤ ልጁም ለጋብቻ ሳይፈለግ ይቀራል። እንግዲህ በትክክል ያልተጠራ በሽታ ምን ያህል ሰው እንደሚጎዳ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ ትኩሳት እንምጣ። በዳሪሙ ወረዳ የሚኖር አንድ ገበሬ ክረምቱ ሲወጣ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ያዘው እንበል። ቤተ ሰቡ መጀመሪያ «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ ያሽለታል። ካልተሻለው «ቡሳ ነው» ይባላል፤ ወባ ማለት ነው። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ታይፈስ፣ ታይፎይድ፣ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ፣ የሳምባ ምችና ማጅራት ገትርም ሲጀምሩ ትኩሳት ናቸው። በዓይን አይቶ፣ ግንባር ዳስሶ ሊለያቸው የሚችል ሰው የለም። የሚለያቸው ምርመራ ነው። ምርመራው ደግሞ እያደር እየጠራ የሚገኘው ከቀበሌው ጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም መቱ ድረስ ወደ ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ገበሬው ግን ያንን መንገድ ሁሉ የሚሄድበት ገንዘብም ጉልበትም የለውም።

ስለ ወባ መልካም ሥራ መሠራቱን መካድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት ሴቶች ልጆች ጣት ወግተው በአንዲት ጠብታ ደም፣ በሩብ ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ ወባ መኖር አለመኖሩን በፈጣን መመርመሪያ ይለያሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም መመርመሪያው የራሱ ጉድለት አለው። ፋልሲፓረም የተባለውን አደገኛውን ወባ ለመያዝ ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ኤችአርፒ 2 የሚባል አንድ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑን የማያመርት ወባ ከተነሣ መመርመሪያው «የለም» ይላል። ይህም የሩቅ ሥጋት አይደለም። በአማራ፣ በትግራይና በጎረቤታችን በጋምቤላ ከ12000 በላይ ሰዎች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት በዚህ ምክንያት ከመቶ የፋልሲፓረም ሕሙማን ወደ 10 የሚጠጉት እንደሚያመልጡ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የሚያመልጡት ከመቶ 5 ሲያልፉ መመርመሪያው በሌላ ዓይነት እንዲለወጥ ይመክራል።

የነገሩን ክብደት ለመገመት ይህንን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1157 ሞት ተመዝግቧል። ከሕሙማኑ ከመቶ 44 ያህሉ የኦሮሚያ ናቸው። የተቆጠሩት እንግዲህ ተመርምረው ስማቸው የተጻፈ ናቸው። ሳይመረመር በቤቱ የሞተው በየትኛው መዝገብ ይገኛል? እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ቢጫ ወባ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ባለፈ ጊዜ 100000 ሰው ታሞ 30000 ያህል እንደ ሞተ ይነገራል። ቁጥሩ ራሱ ግምት ነው። ሠላሳ ሺህ ሰው በግምት የሚቀበርበት አገር እንዳይደገም ከፈለግን የምርመራን ነገር እንደ ትርፍ ጉዳይ ማየት የለብንም።

ፈጣኑ መመርመሪያ ሌላም ወሰን አለው። የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። «ወባ አለ?» ስንለው «አለ» ወይም «የለም» ይላል፤ በዚያው ደም ውስጥ የግርሻ ተሐዋስ ሲዋኝ ቢውል አይነግረንም። ማይክሮስኮፕ ግን ሳይጠየቅም ያሳያል። የሠለጠነ ዓይን ለወባ የተቀባውን የደም ስላይድ ሲመለከት ግርሻንም እዚያው ሊያገኘው ይችላል። የወባ ተሐዋስ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1880 ፈረንሳዊው ሐኪም ላቭራን በአፍሪካ ምድር፣ በአልጄሪያዋ ቆንስታንቲን ከተማ፣ በማይክሮስኮፕ የሕመምተኛ ደም ሲመለከት ነው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው አላረጀም። የሚያረጀው የሚይዘው ሰው ሲሰለችና ሲበዛበት፣ ማቅለሚያው ሲያልቅ፣ ሌንሱ በእርጥበት ሻጋታ ሲያበቅል ነው። እንደ ኢሉባቦር ባለ ዝናባም አገር ደግሞ ሻጋታ እንግዳ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የታይፎይድና የታይፈስ ነገር ነው። ከመካከላችን በትኩሳት ታሞ ክሊኒክ ገብቶ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ማን አለ? ሁለቱ እንደ መንታ ልጆች አብረው ይጠራሉ። ታይፎይድ የሚመጣው በተበከለ ምግብና ውኃ ነው፤ ወረርሽኝ የሚሆነው ታይፈስ ደግሞ በቅማል ነው። የሚያዛምዳቸው በአብዛኛው ስማቸው ነው። ታይፈስ ጭስ ወይም ጭጋግ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን ታይፎይድ ማለት «ታይፈስ መሳይ» ማለት ነው። አውሮፓውያንም እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሁለቱን ያምታቱ ነበር። እነሱ ለዩዋቸው፤ እኛ ግን መልሰን አንድ ላይ አሰርናቸው።

ምክንያቱም ምርመራው ነው። የዊዳል ምርመራ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1896፣ የዌይል ፌሊክስ ደግሞ በ1916 ነው። ሁለቱም ተሐዋሱን አይፈልጉም፤ ሰውነት የሠራውን መከላከያ ይፈልጋሉ። ከዚህ ቀደም ታሞ የዳነ፣ ክትባት የወሰደ ወይም በሌላ በሽታ የተያዘ ሰው ሁሉ «አለብህ» ሊባል ይችላል። እንዲያውም የዌይል ፌሊክስ ምርመራ የሚጠቀመው የታይፈስን ተሐዋስ ሳይሆን ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያን ነው። በአንድ ጊዜ የተቀዳ አንድ ደም ብቻ ታይቶ የሚሰጥ ፍርድ እንግዲህ ከግምት ብዙም አይሻልም። ታይፎይድን በእርግጥ የሚያሳየው ከደም ውስጥ ተሐዋሱን ማብቀል፣ ማለት ካልቸር ነው፤ እርሱም በገጠር አይገኝም።

ስለዚህም ሰው ያልያዘውን በሽታ መድኃኒት ይገዛል። የገበሬው ገንዘብ ከመጥፋቱም በላይ እውነተኛው በሽታ በሰውነቱ ውስጥ ጊዜ ያገኛል። በየሜዳው የተበተነው አንቲባዮቲክም ተሐዋሲያንን ያለማምዳል፤ በእርግጥ ታይፎይድ የያዘው ሕፃን በመጣ ቀን መድኃኒቱ አልሠራም ይላል።

«አገራችን ድኻ ናት፤ ምን ይደረግ?» የሚሉ አሉ። ድኽነቱን አንክድም። ነገር ግን በጥር 2012 ዓ.ም. በኮሮና የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ነበር፤ መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ሕመምተኛ ሲገኝ ምርመራው በአገር ውስጥ ይደረግ ነበር። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ ምንነቱ ያልታወቀ በሽታ በተነሣ ጊዜም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ማርበርግ መሆኑን በጥቂት ቀናት ለይቶ ተናግሯል። ዓለም የሚፈራው በሽታ በቀናት ስሙ የሚታወቅ ከሆነ፣ የዳሪሙ ገበሬ የዕለት ትኩሳት በየዓመቱ ስም አጥቶ የሚቀረው ስለ ምንድን ነው? ገንዘብ ብቻ ሳይሆን አሳብም ጎድሎ ነው እንላለን።

ስለዚህ በበኩላችን የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፈጣኑ መመርመሪያ ስለ መጣ ማይክሮስኮፑ ወደ ዕቃ ቤት አይግባ። በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ማይክሮስኮፕ፣ የማያልቅ ማቅለሚያና በየጊዜው ሥልጠናው የሚታደስ የላቦራቶሪ ባለሙያ ይኑር። ሁለተኛ፣ በሽተኛው ከመንገላታት ናሙናው ይጓዝ። የኢትዮጵያ ፖስታ የላቦራቶሪ ናሙናዎችን ማመላለስ ከጀመረ ዓመታት ሆነውታል። ደብዳቤ የሚደርስበት ሥፍራ ሁሉ ደምና አክታ ሊላክ፣ ውጤቱም በስልክ ሊመለስ ይችላል። ሦስተኛ፣ አንድ ደም ብቻ የሚታይበት የዊዳልና የዌይል ፌሊክስ ምርመራ ለብቻው መድኃኒት ማዘዣ መሆኑ ይቅር፤ በምትኩ ቢያንስ በየዞኑ አንድ ካልቸር የሚሠራ ላቦራቶሪ ይቋቋም።

ከእኛ ከተማሪዎቹስ ምን ይጠበቃል? ብዙ ገንዘብ የለንም፤ አፍ ግን አለን። ነገ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ስንባል በትሕትና «በምን ምርመራ ታወቀ?» ብለን እንጠይቅ። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባም እግሩ ላበጠው ጎረቤት በሽታው የማይጋባ ሊሆን እንደሚችል እንንገርለት፤ «ወባ የለብህም» ተብሎ ትኩሳቱ ያልለቀቀውን ሰው «ተመልሰህ ተመርመር» እንበለው። የሕክምናና የላቦራቶሪ ትምህርት የምትከታተሉ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ተመርቃችሁ የምትመደቡበትን ስታስቡ ዳሪሙንና መሰሎቿን አትርሱ። እዚያ ወረፋ የያዘው ሰው በሽታውን አልደበቀባችሁም።