ወንዙን የበላው የብስክሌት ጎማ አይደለም

"የወንዝ ዳርቻ ይከለል፣ ሰው አይድረስበት" የሚል ሐሳብ በቀረበ ቁጥር ብዙ ሰው ያጨበጭባል። ለተፈጥሮ የሚቆረቆር ሐሳብ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ አገር ሰው አይድረስበት የተባለ ዳርቻ ሰው ሳይደርስበት ኖሮ አያውቅም። የሚቀረው መንገደኛው፣ ተማሪው፣ ወፍ ለማየት የመጣውና ሳይክል የሚነዳው ነው። ባህር ዛፍ የሚተክለው፣ ደንገሉን ነቅሎ የሚያርሰው፣ በሌሊት ፍርስራሽ የሚደፋውና አጥሩን በየዓመቱ አንድ እርምጃ ወደ ውሃው የሚገፋው ግን አይቀርም። እሱ ፈቃድም አይጠይቅ፣ መንገድም አይፈልግ።

ይህ ጉዳይ ከባሕር ዳር እስከ ይፋት ቆላ ድረስ ያሉ ወንዞችን ሁሉ ይመለከታል። በግልጽ የሚታየው ግን ባሕር ዳር ላይ ነውና ከዚያው መጀመር ይሻላል።

ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተቆረቆረች የሳይክል ከተማ ናት። በሌላው ከተማ የልጅ መጫወቻ የሆነው ሳይክል በባሕር ዳር መምህሩን ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛውን ቢሮ፣ ነጋዴውን ገበያ ሲያደርስ ኖሯል። ከዚችው ከተማ ጥግ አባይ ከጣና ይወጣና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጢስ አባይ ፏፏቴ ይደርሳል። ከዚያ በታች በረሃ የሚሰነጥቀው ወንዝ በዚህኛው ክፍሉ ገራም ነው። ሜዳ ላይ ይተኛል፣ ደሴት እየከበበ ይሄዳል፣ ደንገልና ረግረግ ያበቅላል፣ ጉማሬ ያኖራል። ይህን ዳርቻ እስከ ፏፏቴው ድረስ ለመጠበቅ ታስቦ የአባይ ሚሌኒየም ፓርክ የሚል ስም ተሰጥቶታል። የጣና አካባቢም በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል።

ስሙ አለ፣ ካርታውም አለ። በመሬት ላይ ግን ደንገሉ እየሳሳ፣ እርሻው ወደ ውሃው አፍ እየቀረበ፣ ጫትና ባህር ዛፍ እየተስፋፋ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ የብስክሌትና የእግረኛ መስመርም ተሠርቶለታል። ደግ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ከድልድዩ ወርዶ ዳርቻውን ይዞ እስከ ጢስ አባይ የሚያደርስ፣ ለብስክሌትና ለእግረኛ ብቻ የተተወ አንድ ተከታታይ መንገድ የለም። የሳይክል ከተማ የሚያህል ወንዝ አጠገቧ ተኝቶ ሳይክሏን የምትነዳው ከባጃጅና ከአይሱዙ ጋር እየተጋፋች ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ለምን መንገድ ያስፈልጋል? መንገድ ወሰን ስለሆነ ነው። አጥር ይነቀላል፣ ችካል ይነሳል፣ ካርታ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። በየቀኑ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ግን ማንም በአንድ ሌሊት አርሶ ሊያጠፋው አይችልም። ትናንት ያለፈበት ሰው ዛሬ ሲመጣ መንገዱ ተዘግቶ ቢያገኘው ይጮሃል። ወረራ የሚፈራው ዘበኛን ሳይሆን ምስክርን ነው። 30 ኪሎ ሜትር ለመጠበቅ ስንት ዘበኛ ይቀጠራል? ጠዋት ማታ የሚያልፍ ሳይክል ነጂ ግን ደመወዝ የማይጠይቅ ጠባቂ ነው።

"ማውንቴን ሳይክል ሣሩን ይጨርሳል፣ አፈሩን ይሸረሽራል" የሚል ተቃውሞ ይነሳል። በ2001 (እ.ኤ.አ.) በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ አገር በአንድ ጫካ ውስጥ የተሠራ ጥናት ይህንኑ ፈትሾ ታትሟል። በተመሳሳይ መሬት ላይ በአንዱ መስመር እግረኛ፣ በሌላው ብስክሌት እስከ 500 ጊዜ ተመላለሰ። በዕፅዋቱና በአፈሩ ላይ የደረሰው ጉዳት በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልነበረውም፤ ከአንድ ዓመት በኋላም አብዛኛው አገግሟል። ስለዚህ ሰው በእግሩ ይግባ፣ ሳይክል ግን አይግባ የሚለው ክርክር ተፈጥሮን ምክንያት ቢያደርግም መሠረቱ ሌላ ነው። ሳይክልን እንደ ወጣት ጋጠወጥነት የሚያይ አስተሳሰብ ነው።

እርግጥ የካናዳ ጫካ የአባይ ረግረግ አይደለም። እርጥብ መሬት በአንድ ክረምት ጎማ ሊታመስ ይችላል፤ ጉማሬም ማታ ማታ ሣር ሊግጥ ከውሃ ይወጣል። ስለዚህ መንገዱ ሥርዓት ያስፈልገዋል፦

1. መንገዱ ጠባብና የአፈር ይሁን። ሁለት ሳይክል ከተላለፈ ይበቃል። አስፋልትና ኮብልስቶን አያስፈልገውም።

2. ደንገሉ ውስጥ ሳይሆን ከደንገሉ ውጭ፣ በደረቁ ጠርዝ ይሂድ። ረግረግ ማቋረጥ ግድ ሲሆን ከእንጨት ከፍ ተደርጎ ይሠራ።

3. በከባድ ዝናብ ወራት እርጥቡ ክፍል ይዘጋ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ማንም አይግባ።

4. ሞተር ሳይክልና ባጃጅ ፈጽሞ አይግቡ።

5. ሳይክል የሚያከራዩት፣ የሚጠግኑት፣ ቡና የሚያፈሉትና መንገዱን የሚጠግኑት የዳርቻው ነዋሪዎች ይሁኑ። መሬቱን ያጣ ገበሬ ከመንገዱ ካላተረፈ መንገዱን የመጠበቅ ግዴታ የለበትም።

6. በእግርና በራሱ ሳይክል የሚያልፍ ሰው ቲኬት አይቆረጥበት።

የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። ለዳርቻው ከወራሪው ባልተናነሰ የሚያሰጋው "ልማት" በሚል ስም የሚመጣው ሎጅ፣ አጥርና የመኪና ማቆሚያ ነው። ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ቪየና በዳኑብ ዳር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀው ዝነኛ የብስክሌት መንገድ በብዙ ቦታ የተዘረጋው ፈረሶች ጀልባ ሽቅብ ይጎትቱበት በነበረው አሮጌ መንገድ ላይ ነው። አዲስ ነገር አልተፈጠረም፤ የነበረው መንገድ ለሕዝብ ተተወ። በመንገዱ የሚያልፈው መንገደኛም የዳርቻውን መንደሮች እንግዳ ማረፊያና ምግብ ቤት ያስተዳድራል። አንድ ትልቅ ሎጅ ገንዘቡን ለባለቤቱ ይሰበስባል፤ መንገድ ግን በየመንደሩ ይበትነዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ "ሳይክል የሀብታም መዝናኛ ነው" ይላል። የእንጦጦ ፓርክ በመስከረም መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ሲከፈት የብስክሌት መንገድም ነበረውና ብዙ ሰው ሳይክልን ከፎቶና ከኪራይ ጋር አያይዞት ቀርቷል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ነዳጅ ሲጠፋ መቀሌን ያንቀሳቀሳት ግን ምን ነበር? ሳይክል ነበር። ሐኪሙም ነጋዴውም ፔዳል መቱ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የሳይክል ዋጋ መናሩ እውነት ነው፤ የነዳጅና የመለዋወጫ ዋጋ ግን ከዚያ ብሶ ድሃውን ያስጨንቀዋል። ማውንቴን ሳይክል ሰፊ ጎማና ብዙ ማርሽ ያለው፣ ለኮረኮንች የተሠራ ሳይክል ነው። አብዛኛው መንገዷ ኮረኮንች ለሆነ አገር ከዚህ የበለጠ የሚስማማ የትኛው ነው?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። "ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በግጭት ላይ ሆኖ፣ ሰው ከከተማ ከተማ መሄድ ፈርቶ፣ ስለ ወንዝ ዳር ሳይክል ይወራል?" የሚለው ነው። የጠያቂው ሕመም እውነት ነው፤ መልስም ይገባዋል። ዛሬ በሥጋት ቀጠና ውስጥ ሳይክል ይዞ ይውጣ የሚል ሰው የለም። ይሁን እንጂ ዳርቻ በብዛት የሚወረረው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ቢሮው ሲዘጋ፣ ተቆጣጣሪው መስክ መውጣት ሲፈራ፣ አቤቱታ ሰሚ ሲያጣ መሬት ይቆረሳል። ሰላም ሲመጣ ሰው ወደ ቤቱ ይመለስ ይሆናል፤ የታረሰ ረግረግ ግን በአዋጅ አይመለስም። የዳርቻውን ወሰን ዛሬ ለይቶ መመዝገብ መንገዱ ነገ የሚያልፍበትን ቦታ ማትረፍ ነው።

"ማጀቴ ላይ ተቀምጦ ስለ አባይ ምን አገባው?" የሚል ይኖራል። ያገባዋል። ከሸዋ ከፍታ ወርደው የይፋትን ቆላ አቋርጠው ወደ አዋሽ የሚሄዱት ጀውሃና ሮቢ የአባይን ያህል ስም የላቸውም። ፓርክ የሚል ካርታም አልተሠራላቸውም። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ግን እነሱም በበጋ ገራም ናቸው። ማሾውና ሽንኩርቱ የሚበቅለው እነሱ ባመጡት ደለል ላይ ነው፤ የውሃ ሞተሩም የሚጠጣው ከእነሱ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ያው ገራም ወንዝ ከተራራው ጎርፍ ይዞ ይወርዳል። ዳሩ ላይ ዛፍና ሣር ካገኘ ፍጥነቱ ይበርዳል፤ እስከ አፉ የታረሰ መሬት ካገኘ ማሳውን ይዞ ይሄዳል። ለወንዙ 20 ወይም 30 ሜትር ያልተወ ገበሬ በአንድ ሌሊት ከዚያ የሚበልጥ ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ የማጀቴ፣ የሸዋ ሮቢትና የአጣዬ ወጣት የአባይን መንገድ ሲደግፍ የራሱን ወንዝ ጉዳይ እየተናገረ ነው። እዚህም ከዛፍ የተረፈው ዳርቻ ላይ ሳይክልና እግረኛ የሚያሳልፍ ቀጭን መንገድ ቢተው፣ ተማሪው ከባጃጅ ሒሳብ ይድናል፤ ከብቱም ወደ ውሃ የሚወርድበት አይዘጋም፤ ዳርቻውም ዐይን ያገኛል። ወጪው የአንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት ሩቡን አይደርስም።

ሕጉም የለም አይባልም። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ አካላትን ዳርቻ ወሰን ለመለየት፣ በተለየው ወሰን ውስጥም ዕፅዋት መመንጠርንና መኖሪያ ቤት መሥራትን ለመከልከል ሥልጣን ሰጥቷል። አዋጁ ከወጣ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ጎድሎ የቆየው ወሰኑን በሜትር ለክቶ በመሬት ላይ የሚያሳይ ሰው ነው።

ከባሕር ዳር ከተማ አስተዳደርና ከክልሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የሚጠበቀው ከድልድዩ በታች ያለውን የመጀመሪያውን 5 ኪሎ ሜትር ለክቶ ወሰኑን በይፋ ማሳወቅ ነው። ከዞኑና ከይፋት ወረዳዎችም የሚጠበቀው በየወንዙ አንድ ዳርቻ መርጦ እንዲሁ ማድረግ ነው። ሳይክሉ እስኪገባ ጊዜ ይጠይቅ ይሆናል። የመለኪያው ሜትር ግን ነገ ጠዋት ሊዘረጋ ይችላል።