ስለ መደርደሪያና ስለ ሰው ፈቃድ

ወጣቶች ሆይ፤ ሰው የሚማረው ከመጽሐፍና ከመምህር አፍ ብቻ አይምሰላችሁ። የሚገባበት ቤት ሁሉ ያስተምረዋል። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ ሽማግሌ አስተማሪ ነበሩን። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ወንበሩን እንድናስተካክል፣ መስኮቱን እንድንከፍት፣ ሰሌዳውን እንድንጠርግ ያዝዙን ነበር። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፣ «ክፍሉ ከእኔ አስቀድሞ ይናገራችኋልና መልካም ነገር እንዲናገር አሰናዱት» ብለው መለሱልን። የዚህን ቃል ፍሬ በሚገባ ያስተዋልሁት ግን እኔው ራሴ ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ያውም በትምህርት ቤት ሳይሆን በአንድ ሱቅ ውስጥ።

በአዲስ አበባ «ሞል» በሚባሉት ባለብዙ ፎቅ የገበያ አዳራሾች ውስጥ የሚከፈቱትን ትንንሽ መደብሮች ታውቋቸዋላችሁ። የአንዱ ስም በሌላውም ሰፈር ይገኛል፤ ቀለማቸው፣ መብራታቸው፣ የሠራተኞቻቸውም ሸሚዝ አንድ ዓይነት ነው። ከእነዚህ ወደ አንዱ የስድስት ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ዳቦና አንድ ኪሎ ጨው ልገዛ ገባሁ። ንጽሕናውን አደነቅሁ፤ አሁንም አደንቃለሁ። ዳቦው ግን በመጨረሻው ጥግ ነበረና ወደ እርሱ ለመድረስ በብስኩቱ፣ በለስላሳው መጠጥ፣ በሽቶውና በሳሙናው ፊት ማለፍ ግድ ሆነብኝ። ጨውም ከእግሬ አጠገብ፣ በታችኛው መደርደሪያ ላይ ስለ ነበረ ብዙ ፈልጌ አገኘሁት። ሁለት ነገር ልገዛ የገባሁት ሰው ሰባት ነገር ተሸክሜ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ቀረብሁ።

በዚያ ስፍራ ልጁ አለቀሰ። ልብሴን ይዞ «ግዛልኝ» እያለ ጮኸ፤ ከኋላችን የተሰለፉትም ሰዎች ይመለከቱን ጀመር። እኔም አፈርሁ፤ ወላጆቹ አሞላቅቀውታል ብዬም በልቤ ፈረድሁባቸው። ልቆጣው ስል መነጽሬ ከእጄ ወደቀብኝ። ላነሣው በጕልበቴ ተንበረከክሁ፤ ዓይኔም ከልጁ ዓይን ጋር እኩል ሆነ። ያን ጊዜ እርሱ የሚያየውን አየሁ። ቆሜ ሳለሁ በፊቴ የነበሩት የባትሪ ድንጋይ፣ ምላጭና መሐረብ ነበሩ። ተንበርክኬ ያየሁት ግን ከዳር እስከ ዳር ከረሜላና ቸኮሌት ነው፤ በቀይና በቢጫ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ የእንስሳት ሥዕል ተስሎበት፣ ለትንሽ እጅ እንዲመች ሆኖ ተደርድሯል።

ልጆቼ፣ ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ከእኔ አስቀድሞ አንድ ሰው የልጅን ዓይን ከፍታ ለክቷል። እኔም በሥራ ዘመኔ ሁሉ ወደ ልጆች ዓይን ዝቅ ስል ኖሬአለሁ፤ ይኸውም ፊደል ላሳያቸው፣ እጃቸውን ይዤ ላስጽፋቸው ነበር። ያ ሰው ግን ዝቅ ያለው ከልጁ እንባ ገንዘብ ሊያወጣ ነው። ሒሳቡን ከከፈልሁ በኋላም ገንዘብ ተቀባይዋ «ሳንቲም የለኝም» ብላ በመልሱ ፈንታ ማስቲካ ሰጠችኝ። ልከለክለው ስታገል የቆየሁትን ጣፋጭ በራሴው ገንዘብ ገዝቼ ወጣሁ ማለት ነው።

ይህ አሠራር ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይገባችኋል። ቀድሞ በአሜሪካም ቢሆን ገዢው የሚፈልገውን ለሻጩ ይነግረዋል፤ ሻጩም ከጠረጴዛው ጀርባ አንሥቶ ይሰጠው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 ዓ.ም. ክላረንስ ሳውንደርስ የሚባል ነጋዴ በሜምፊስ ከተማ «ፒግሊ ዊግሊ» የተባለ መደብር ከፈተና ያን ጠረጴዛ አነሣው። ገዢው በሚሽከረከር በር ገብቶ፣ ዘንቢል አንጠልጥሎ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል በሚጠማዘዝ አንድ መንገድ ሁሉንም ዕቃ እያየ አልፎ ወደ ገንዘብ ተቀባዩ እንዲደርስ አደረገ። በሚቀጥለውም ዓመት ለዚህ አሠራር የፈጠራ መብት ተሰጠው። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ሲልቫን ጎልድማን የተባለ የኦክላሆማ ሲቲ ነጋዴ፣ ገዢዎች ዘንቢላቸው ሲከብድ መግዛት እንደሚያቆሙ አስተውሎ ጎማ ያለውን የዕቃ ጋሪ አመጣ። በ1982 ዓ.ም. ሮናልድ ሚሊማን የሚባል ተመራማሪ ያሳተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በአንድ የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ዝግ ያለ ሙዚቃ ሲሰማ ሰዎች ቀስ ብለው ስለ ተራመዱ፣ ሽያጩ ፈጣን ሙዚቃ ከሚሰማበት ቀን በ38 በመቶ ገደማ በለጠ። እንግዲህ መንገዱ፣ ጋሪው፣ ዜማውም ሳይቀር ተመዝኖ የተሠራ መሆኑን ልብ አድርጉ።

እኔ ዘመናዊ ሱቅን ሁሉ የምነቅፍ አይደለሁም። እስከ ሌሊት ክፍት የሆነው ትንሽ መደብር መነሻው ቅን ነበረ። በ1927 ዓ.ም. በዳላስ ከተማ በረዶ የሚሸጥ አንድ ኩባንያ፣ ሌሎች ሱቆች በሚዘጉበት ሰዓት ወተት፣ ዳቦና እንቁላል ይሸጥ ጀመር። በ1946 ዓ.ም. ከጧቱ አንድ ሰዓት እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ክፍት መሆኑን ለመግለጽ፣ በእነርሱ ሰዓት አቆጣጠር «ሰባት አሥራ አንድ» ማለት የሆነውን «ሰቨን ኢለቨን» የሚለውን ስም ያዘ። በምሽት ወተት ያጣች እናት ወተት ብታገኝ ይህን ማን ይጠላል? የምነቅፈው ሰው ያለውን ችግር ማቃለል ቀርቶ፣ ያልነበረውን ፍላጎት በውስጡ መፍጠር ሥራ መሆኑን ነው።

የሰፈራችንን ሱቅ ተመልከቱ። ገዢው በመስኮቱ ፊት ከውጭ ቆሞ፣ «ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሳሙና» ብሎ በስሙ ጠርቶ ይጠይቃል። ፍላጎቱ ከአፉ ከመውጣቱ በፊት በልቡ መኖር አለበት። በአዲሱ መደብር ግን ገዢው ዕቃውን መጥራቱ ቀርቶ ዕቃው ገዢውን ይጠራዋል። የመጀመሪያው ፈተና በዓይን በኩል እንደ ገባ ከኦሪት ዘፍጥረት የተማርን ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻንም። በእርግጥ የቀድሞውም ባለሱቅ መልአክ አልነበረም። በሚዛን የሚሰርቅ፣ በበርበሬና በቅቤ ውስጥ ባዕድ ነገር የሚደባልቅ ነበረ፤ አሁንም አለ። ነገር ግን እርሱ የሚያዛባው ሚዛኑን ነው፤ ይህኛው ጥበብ ግን የመዛኙን ልብ ያዛባል። የተዛባ ሚዛን በተቈጣጣሪ ይያዛል፤ የተዛባውን ልብ ግን ባለቤቱ ካልያዘው ማን ይይዘዋል?

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ የእንደዚህ ያሉ መደብሮችን የውስጥ አቀማመጥ በመንደፍ ይተዳደራል። ያጋጠመኝን ብነግረው፣ «ጋሼ፣ ማንንም ሰው በግድ አናስገዛም። የሞል ኪራይ ውድ ነው፤ ሱቁ ካልሸጠ ይዘጋል፣ ሠራተኛውም ይበተናል። ሰውም ውበቱን ወዶ ነው የሚመጣው» አለኝ። እኔም ሦስት ነገር መለስሁለት።

አንደኛ፣ «በግድ አይደለም ትላለህ። የመደርደሪያው አቀማመጥ የሰውን ፈቃድ የማይነካ ከሆነ ባለቤቱ ለአንተ የሚከፍልህ ስለ ምንድር ነው?» አልሁት። ሁለተኛ፣ ኪራዩ ከባድ መሆኑን አምናለሁ፤ ነገር ግን የሚያደርገውን ከሚያውቅ አዋቂ ሰው በግልጽ ዋጋ ይሰብሰብ እንጂ ገና መቍጠር ካልተማረ ሕፃን በልቅሶ አይሰብሰብ አልሁት። ሦስተኛ፣ ውበትን እኔም እወዳለሁ። እውነተኛ ውበት ግን የሚያሳይ እንጂ የሚሰውር አይደለም። መስኮትና ሰዓት በሌለበት፣ ቀኑና ሌሊቱ በአንድ መብራት በሚመሳሰሉበት፣ ርካሹ ዕቃ ከእግር ሥር በሚደበቅበት ቤት ውስጥ ያለው ውበት ለሰውየው ሳይሆን ለኪሱ የተሠራ ነው።

ልጁ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «እውነትዎን ነው፤ ግን እኔ ከረሜላውን ወደ ላይ ባወጣው ሌላ ሰው ተቀጥሮ ያወርደዋል» አለኝ። ከነገረኝ ሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ነው። ብዙ ክፉ ሥራ የቆመው «እኔ ብተወው ሌላው ያደርገዋል» በሚል ቃል ላይ ነውና። በ1956 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚኒሶታ የተከፈተውን፣ ከላዩ የተከደነ የገበያ አዳራሽ የነደፈው ቪክቶር ግሩን የቪየና ተወላጅ ነበር። አሳቡም ሰዎች የሚገናኙበት፣ ቤትና ትምህርት ቤት መናፈሻም በዙሪያው ያለበት የከተማ ማዕከል እንዲሆን ነበር። ሌሎች ግን ትርፍ የሚያስገኘውን ብቻ ወስደው ሌላውን ተዉት። ግሩንም በእርጅናው ዘመን፣ በ1978 ዓ.ም.፣ እነዚያን አዳራሾች የእኔ አይደሉም ብሎ በአደባባይ ካዳቸው። ክሕደቱ ግን የተሠራውን አላፈረሰውም። እናንተ ገና ያልነደፋችሁ፣ ሠርታችሁ ከመጸጸት አስቀድማችሁ ማሰብ ይሻላችኋል፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና።

ተማሪዬ ስለ ሌላው ሰው የተናገረውም ፈጽሞ መልስ የሌለው አይደለም። ሌላው እንዳያደርገው ሕግ ማውጣት ይቻላል። በእንግሊዝ አገር ከጥቅምት 2022 ዓ.ም. (በእነርሱ አቆጣጠር) ጀምሮ ስብ፣ ስኳርና ጨው የበዛባቸው ብዙ የምግብ ዓይነቶች በትልልቅ መደብሮች መግቢያና ገንዘብ በሚከፈልበት ስፍራ እንዳይደረደሩ ተከልክሏል። ያ ሕግ ከ185 ካሬ ሜትር ገደማ የሚያንሱትን ሱቆች አይነካምና ለእኛ ሞሎች ትንንሽ መደብሮች እንዳለ ቢወሰድ አይበቃም። የእኛም አገር የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 813፣ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ አዝዟል። ዋጋው በግልጽ እንዲታይ ከታዘዘ፣ ሕፃኑም ከሚፈተንበት መደርደሪያ እንዲጠበቅ ማዘዝ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሕጉ እስኪመጣ ድረስ ግን የየራሳችን ሥራ አለብን። ከእናንተ መካከል ነዳፊ ወይም ባለሱቅ የሚሆን፣ ዕቃውን ደርድሮ ሲጨርስ ይንበርከክና በልጅ ዓይን ይመልከት። ዳቦውንና ወተቱን ሽማግሌ በቶሎ ከሚያገኝበት ስፍራ ያኑር፤ የኪሎውን ዋጋ በግልጽ ይጻፍ፤ ግድግዳው ላይ ሰዓት ይስቀል፤ ሳንቲምንም በሳንቲም ይመልስ። እንዲህ ያለ ባለሱቅ ትርፉ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ያለ ፍርሃት ይገቡበታል።

ገዢ የምትሆኑትም፣ ይልቁንም የመጀመሪያ ደመወዛችሁን የያዛችሁ፣ ሳይርባችሁ ግቡ፤ ከዓይናችሁ ትይዩ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከጕልበታችሁ በታች ያለውንም ተመልከቱ፤ 199 ብር ከ99 ሳንቲም የሚል ዋጋ ስታዩ 200 ብር ብላችሁ አንብቡት። በሚያምር መደብር ውስጥ መግዛት ሰውን ክቡር እንደማያደርገው፣ ከሰፈር ሱቅ መግዛትም እንደማያዋርደው እወቁ።

እኔና የልጅ ልጄ አሁን አንድ ልማድ አለን። ከመደብሩ ደጃፍ ስንደርስ እንቆማለን፤ እኔም «ምን ልንገዛ መጣን?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። እርሱም ጣቱን እየቈጠረ፣ «ዳቦ፣ ጨው» ይለኛል። ከረሜላ ሲያምረውም በደጃፉ ይነግረኛል፤ አንዳንድ ቀን እሺ እለዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን እከለክለዋለሁ። አሁንም የሚያለቅስበት ቀን አለ። ነገር ግን የሚያለቅሰው ስሙን ጠርቶ ለጠየቀው ነገር ነው፤ በዚህም ላይ እኔና እርሱ ልንነጋገርበት እንችላለን። እናንተም ወደ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት በደጅ ቆማችሁ የምትፈልጉትን በስሙ ጥሩት።