የፌስታልን ምትክ ከተማሪዎች እጠብቃለሁ

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ ሳልርቅ አነስተኛ ካፌ አለኝ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ሲያጸድቅ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ክልከላ ብቻውን ለደንበኛዬ ዳቦ መያዣ አይሆንም። ምትኩን የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ወጣት ቢሆን እመርጣለሁ።

ከሚጣል ነገር ጠቃሚ ዕቃ ለመሥራት ምሳሌ አላጣንም። ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር የጫማ አምራቹን ሶልሬብልስን የመሠረተችው አካውንቲንግ ተምራ ነው። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን በረባሶ ሁላችንም እናውቀዋለን። እሷ ያንኑ ጎማ ሶል አድርጋ፣ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጥጥ ጨምራበት ጫማውን ለዓለም ገበያ አቀረበች።

በእኔም ካፌ የሚጣለውን ተመልከቱ። ከማሽኑ የሚወጣው የቡና አተላ ማታ ማታ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ከቆሻሻው ጋር ይሄዳል። እንጉዳይ ሊበቅልበት፣ ደርቆና ተጠፍጥፎ ሊነድ፣ ከቅጠላ ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ ኮምፖስት ሊሆን የሚችል ነገር ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው መደርደሪያ ላይ በሚቀር የመመረቂያ ጽሑፍ ፈንታ እንዲህ ያለ ሥራ ጀምሮ፣ ሸጦ፣ ትርፍና ኪሳራውን አስልቶ እንዲመረቅ ይፍቀዱለት። አበዳሪዎችም ቤትና መኪና ከሌለው ወጣት ሌላ ማስያዣ ከመጠየቅ ይልቅ የሥራ ዕቅዱን ይመዝኑለት። እኛ ነጋዴዎች ደግሞ የመጀመሪያ ገዢዎች እንሁን። ጠንካራ የወረቀት ከረጢት በተመጣጣኝ ዋጋ ይዞ ከሚመጣ ተማሪ እገዛለሁ፤ አተላውንም በነጻ ይውሰድ።